በግማሽ የተገለበጠ ሰሜን

ለሳይንስ ወዳጆች፣ ለተመራማሪዎች፣ ለድጋፍ ሰጪ ሠራተኞችና ሱሪ ለሚታጠቁ ወገኖች በሙሉ! የብረት ዘለበት ያለው ቀበቶ ታጥቆ ወደ ባዶው ክፍል መግባት ከዛሬ ጀምሮ በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን የተቋሙ አመራር ከረጅምና ጥልቅ ውይይት በኋላ በታላቅ የኃላፊነት ስሜት ያስታውቃል።

ማስታወቂያው ሁለት ማኅተም አርፎበታል። ከሥሩ የምክትል ዲኑ ፊርማ ጅራቱን ጎትቶ ከወረቀቱ ሊወጣ ደርሷል። ደረጃውን የሚወጣ ሁሉ ቆሞ ያነበዋል፤ አንብቦ ሲጨርስ ደግሞ ሳይታወቀው እጁን ወደ ወገቡ ይሰዳል።

ክልከላው አዲስ ነገር አልነበረም። ባዶው ክፍል ግድግዳው የምድርን መግነጢስ እንዳያስገባ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ድንጋዮች በሰላም የሚለኩት እዚያ ነው። ብረት ይዞ መግባት እንደማይቻል እዚያ የሚሠራ ሰው ሁሉ ከተቀጠረበት ቀን አንስቶ ያውቃል። ለምክትል ዲኑ ግን እሱ ያልፈረመበት እውነት ገና እውነት አልሆነም።

የፕሮፌሰሩ ልጅ ማስታወቂያውን አንብባ ከንፈሯን ጣል አደረገች። ንቀት ያምርባታል፤ ያደገችበት ነውና። አባቷ ያልተማሩ ሰዎችን ይንቃሉ፤ እናቷ የሌላቸውን ይንቃሉ፤ እሷ ደግሞ ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት ወስዳ ሁለቱንም ትንቃለች። ለምክትል ዲኑ ያስቀመጠችው ድርሻ ግን የብቻው ነበር።

በሩ ላይ ቆማ የጸጉር መያዣዎቿን አንድ በአንድ እየነቀለች ሳህኑ ላይ ጣለች። ጸጉሯ ትከሻዋ ላይ ወረደ። ስልኳን፣ ሰዓቷን፣ ቁልፏን አስቀመጠችና ገባች።

ሚስማር ውስጥ ነበር። በዚያ ሕንፃ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም። ቁመቱ ረዥም፣ ወገቡ ቀጭን፣ ራሱ ትንሽ ጠፍጠፍ ያለ ስለሆነ ገና በመጀመሪያው ዓመት ሚስማር ተባለ፤ ስሙም እንደ ሚስማር ገብቶ ቀረ። የዶክትሬት ተማሪ ነው፤ የጎሚስታ ልጅ። አሁን በአንድ እጁ ናሙና፣ በሌላው ሱሪውን ይዞ ቆሟል።

«ማስታወቂያውን አነበብሽው?»

«አነበብኩት። ሥነ ጽሑፍ ነው።»

«ይኸው፣ በቀኝ እጄ ሳይንስን፣ በግራ እጄ ክብሬን ይዣለሁ።»

«እንዳትለቅ።»

«የቱን?»

ሳቋን ለማፈን አፏን በእጇ ሸፈነች። እሱም ያንን ሳቅ ሲያይ የሚሆነውን ሆነ፤ ማለትም ናሙናውን ያለ ቦታው አስቀመጠው።

ለማያውቀው ሰው የእነዚህ ሰዎች ሥራ የእብድ ሥራ ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ቅልጥ አለት ከመሬት ሆድ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ፣ በውስጡ ያሉት ዓይን የማያያቸው የብረት ቅንጣቶች ያን ጊዜ ሰሜን የነበረውን አቅጣጫ ይዘው ይቀራሉ። ከዚያ ወዲያ ሐይቅ ቢደርቅ፣ ከተማ ተሠርቶ ከተማ ቢፈርስ ፊታቸውን አያዞሩም። ምድር እንደ ድንጋይ የታመነች አይደለችም፤ በረጅም ዘመኗ ደጋግማ የመግነጢሷን ሰሜንና ደቡብ አቀያይራለች። በዚያ ዘመን ኮምፓስ የያዘ ሰው ቢኖር ኖሮ መርፌው ዛሬ ደቡብ ወደምንለው ይዞት በሄደ ነበር። ይህን ክህደቷን የመዘገቡባት ድንጋዮች ናቸው። ተመራማሪዎች ከአለቱ ላይ የጠርሙስ ቡሽ የሚያህል ናሙና ሰርስረው ያወጣሉ። ነቅለው ከማውጣታቸው በፊት ግን ኮምፓስ አስቀምጠው፣ ሰሜኑን አይተው፣ አናቱ ላይ ቀስት ይስሉበታል። ቀስት የሌለው ናሙና ጠጠር ነው።

ፕሮፌሰሩ ፕሮፌሰር የሆኑት በእንዲህ ያሉ ቡሾች ነው። ልጃቸው ገና የመጀመሪያ ዲግሪዋን ስትማር፣ ከአንድ ገደል አፋፍ ያወጧቸው ድንጋዮች ማንም ያላወቀውን አንድ አጭር ግልበጣ አሳዩ። ምድር ለጥቂት ሺህ ዓመታት ብቻ ተገልብጣ እንደገና ተቃንታለች። ግልበጣው በስማቸው ተጠራ። የፊታችን ሐሙስ ደግሞ ስማቸው በእብነ በረድ ተቀርጾ አዳራሹ ውስጥ ሊሰቀል ነው።

ይህን ሁሉ ያሰበው ምክትል ዲኑ ነው። ለበዓሉ ድምቀት ሲባልም የገደሉ የድሮ ናሙናዎች በአዲሱ መለኪያ እንደገና ተለክተው ውጤቱ በትልቁ ስክሪን ላይ እንዲታይ፣ ሚስማርም ወጥቶ እንዲያስረዳ አዘዘ። ፕሮፌሰሩ ይህን ሲሰሙ «ድንጋዮቹን ተዉአቸው፤ ሥራቸውን ጨርሰዋል» ብለው ነበር። ፕሮፌሰሩ ትሕትና ሲያሳዩ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ስለሆነ ሰው ሁሉ ተደነቀ፤ ሐሳባቸውን ግን የሰማ የለም።

«ሐሙስ ከበዓሉ በኋላ ለአባቴ እነግረዋለሁ» አለች ልጅቷ። «ያ ማኅተም ምክትል ዲን ቀድሞኝ ለጋብቻ ሳይጠይቀኝ።»

ሚስማር ሱሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። «ምን ብለሽ?»

«ሚስማር አገኘሁ ብዬ።»

«የት አገኘሽው ቢሉሽስ?»

«ጎማ ውስጥ።»

ሁለቱም ሳቁ። ድንጋዮቹ ብቻ በየትሪያቸው ተደርድረው ፊታቸውን አላዞሩም። ሳቁ ካለፈ በኋላ እሱ ዓይኑን ከፊቷ ሳያነሳ ቆየ፤ እሷም በቤቷም በመንገዱም የማታገኘው ነገር እዚያ ፊት ላይ እንዳለ ታውቅ ስለነበር ዓይኗን አልሰበረችም። ምንም የማይጎትታቸው ክፍል ውስጥ ቆመው፣ እየተጎተቱ መሆኑ ግን ለሁለቱም ይሰማቸው ነበር።

*

በነጋታው ሚስማር ሰላምታዋን አልመለሰም።

በማግስቱም ደረጃው ላይ ሲያያት ወደ ኋላ ተመልሶ በሌላኛው ደረጃ ወረደ። ባዶውን ክፍል ከውስጥ ቆልፎ ዋለ። ከምሳ በፊት በቢሮዋ በር ሥር የተጣጠፈ ወረቀት አገኘች። «ሐሙስ ለአባትሽ ምንም እንዳትነግሪ። እኔ ልሄድ ነው። ደህና ሁኚ።»

ወረቀቱን አገላብጣ ጀርባውን አየችው። ጀርባው የአንድ አሮጌ የስብሰባ ጥሪ ነበር። ለስንብት እንኳ ንጹሕ ወረቀት አልደረሳትም።

እሁድ ምክትል ዲኑ ለምሳ ተጋብዞ መጣ። ከበሩ ጀምሮ ኬክ አስቀድሞ ገባ፤ ከኬኩ ኋላ ሽቶው፣ ከሽቶው ኋላ ራሱ።

«እማማ፣ እንደምን ሰነበቱ!» አለ ጎንበስ ብሎ።

እናትየው ፊታቸው ላይ የነበረው ፈገግታ እዚያው ደረቀ። ጸጉራቸውን ትናንት ተቀብተውታል። ለእማማነት የሚያበቃቸው አንድም ነገር አልተዉም ነበር። ሆኖም ሰውየው ሕንፃ ያለው ቤተሰብ ልጅ ስለሆነ ዋጥ አደረጉት። «ግባ የኔ ልጅ፣ ግባ። ሚጡ! ኬኩን ተቀበይው።»

ሚጡ የተባለችው የሃያ ሰባት ዓመት ተመራማሪ ኬኩን እንደ ቆሻሻ ቅርጫት ተቀበለች።

ሾርባው ከቀረበ በኋላ ምክትል ዲኑ አፉን በናፕኪን ጠረግ አደረገ። «ያ ሚስማር የምትሉት ልጅ መቼም አስቂኝ ነው። ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? የሁለት ዓመቱን የውጭ ዕድል ስጠኝ አለኝ። ያውም ከሐሙስ በፊት ልሂድ ብሎ ለመነኝ።»

«ለመነህ?» አለች ልጅቷ።

«እጁን እያሻሸ! ሰጠሁት። ሐሙስ ማታ ይበራል። በዓሉን ሳያይ መሄዱ ያሳዝናል እንጂ ውጤቱን እኔው አነበዋለሁ።»

«የጎሚስታ ልጅ ምን ይደረግ» አሉ እናትየው ማንኪያቸውን ወደ ላይ አንስተው። «ነፋስ እየሞሉ ያሳደጉት ልጅ በነፋስ ሲሄድ ምኑ ይገርማል?»

ምክትል ዲኑ ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ ሳቀ። ልጅቷ የሾርባ ሳህኗን በሁለት እጇ ያዘች። ሳህኑን ወዴት ልትልከው እንደሆነ ለራሷም አልታወቃትም፤ ወደ እናቷ ይሁን ወደ እንግዳው መወሰን ስላቃታት ብቻ ሳህኑ ቦታው ቀረ።

«ማን ፈቀደ?» አሉ ፕሮፌሰሩ፤ ቀና ሳይሉ።

«እርስዎ ፈርመውበታል እኮ፣ ክቡር ፕሮፌሰር።»

ፕሮፌሰሩ ትንሽ አሰቡ። «አዎ። ፈርሜአለሁ» አሉና ወደ ሾርባቸው ተመለሱ።

«ለማንኛውም ሐሙስ ደስታችን ድርብ ነው» አለ ምክትል ዲኑ ወደ ልጅቷ ዞሮ፣ ድምፁን እያለሰለሰ። «ሰሌዳው ከተገለጠ በኋላ ለቤተሰቡ የማቀርበው አንድ ጥያቄ አለኝ።»

«በጽሑፍ ያቅርቡት» አለች። «ባለ ሁለት ማኅተም ይሁን።»

ምክትል ዲኑ ከደረት ኪሱ ብዕር አወጣ። አልቀለደም፤ ቀልድ መሆኑም አልገባውም። ልጅቷ ይህን ሰው ለመናቅ አቅም አጣች፤ ያላትን ንቀት ሁሉ ሳትቆጥብ ወደ ሚስማር ልካው ነበርና። ደረቷ ውስጥ የቀረው ባዶ ቦታ ደግሞ ከንቀቱ የበለጠ ያቃጥል ነበር።

*

ሰኞ ጠዋት የድንጋይ መቁረጫውን ክፍል በር በእግሯ ከፈተችው። ሚስማር ናሙናዎቹን ወደ እንጨት ሣጥን እየመለሰ ነበር። ወለሉ በመጋዙ ውሃ ረጥቧል፤ ግራጫ ጭቃ ከጫማዋ ጋር ተጣበቀ።

«መልካም መንገድ!» አለችው።

ቀና አላለም። «አመሰግናለሁ።»

«የተሸጥከው በቲኬቱ ብቻ ነው ወይስ ሆቴልም አለው?»

«ሆቴል የለውም። መኝታ ቤት ለሁለት ነው።»

«ርካሽ ነህ።»

«ነኝ።»

«ነኝ አትበለኝ! ተከራከረኝ እንጂ! ትናንት እናቴ በአባትህ ላይ ስትቀልድ ሾርባዬን ልደፋባት ነበር። ለማን ብዬ? ያን ማኅተም እጁን እያሻሸ ለሚለምን ሰው!»

«እጄን አላሻሸሁም» አለ ሚስማር። «እሱን እንኳ ጨምሮበታል።»

«ሌላውስ?»

አንድ ናሙና ወደ ሣጥኑ ከተተ።

«ሌላውስ፣ አንተ! ሌላው እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

ከሣጥኑ ውስጥ እጇ የደረሰበትን ናሙና አነሳች። ልትወረውረው እንደነበር ለሁለቱም ግልጽ ነው፤ ወደ ግድግዳው ይሁን ወደ ራሱ አልተወሰነም እንጂ።

«እሱን አይደለም!» ብሎ ጮኸ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምታው አታውቅም። እጇ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ያልወረወረችውን ድንጋይ ዝቅ አድርጋ አየችው።

አናቱ ላይ ቀስት ነበር። ቀለሙ ደብዝዟል። ጭራው መጨረሻ ላይ ወደ ላይ ምንጭቅ ይላል፤ ሰሌዳ ላይም ወረቀት ላይም ቀስት በሳለች ቁጥር እጇ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። መምህሮቿ ሁሉ ስቀውባታል።

«ይኼ የኔ ነው» አለች። «ከአባዬ ገደል ነው። ያን ጊዜ ይዞኝ ሄዶ ነበር።»

ሚስማር ወደ ኮምፒውተሩ ሄደና የሸፈነበትን ጨርቅ አነሳ። ለሌላ ሰው የነጥቦች መንጋ ነበር። እሷ ግን ሥራዋ ነው፤ ቆማ አነበበችው፣ ከዚያ ወንበር ፈልጋ ተቀምጣ ደግማ አነበበችው።

እነሱ ባሉበት አካባቢ የኮምፓስ መርፌ በነፃነት ቢንጠለጠል ከሞላ ጎደል ጋደም ይላል፤ ጫፉ ትንሽ ብቻ ወደ መሬት ያዘነብላል። ምድር ስትገለበጥ ሁለቱም ነገር ይገለበጣል። ወደ ሰሜን የነበረው ወደ ደቡብ ይዞራል፣ ወደ ታች ያዘነበለውም ወደ ላይ ይነሳል። አሮጌው መለኪያ ያቺን ትንሽ ዝንባሌ አጥርቶ የማየት አቅም አልነበረውም። አዲሱ አይቷታል። በእነዚህ ድንጋዮች ውስጥ ሰሜኑ ደቡብ ሆኗል፤ ዝንባሌው ግን ንክች አላለም።

«ምድር በግማሽ አትገለበጥም» አለች ቀስ ብላ።

«አትገለበጥም።»

«የተገለበጠው ቀስቱ ነው።»

«አሮጌው ኮምፓስ እኮ ሰሜኑ ነጭ ነው» አለ ሚስማር፤ ጥፋቱ የኮምፓሱ እንዲሆን እየለመነ። «ቀዩ ደቡብ ነው። ሌላ የትም የሌለ ነገር።»

አስታወሰችው። አባቷ ከሠራተኞቹ ጋር ወደ ታችኛው አለት ሲወርዱ ያን ከባድ ኮምፓስ አንገቷ ላይ አንጠልጥለውላት፣ ላይኛውን አንቺ ሥሪው አሏት። ሰማዩ ደመና ነበር፤ ፀሐይ አይታ የምታመሳክርበት መንገድ አልነበራትም። በትምህርት ቤት ቀይ ማለት ሰሜን ነው። የአባቷ እምነት እንዴት አድርጎ እንዳሳበጣት፣ ምን ያህል በኩራት ቀስቶቹን እንደሳለች ትዝ አላት። ያን ቀን ምድርን ገልብጣ ለምሳ ወረደች።

«ለዚህ ነው የምትሄደው?»

«ሐሙስ ስክሪኑ ፊት ቆሜ እንዳስረዳ ታዝዣለሁ። ከተናገርኩ አንቺን አዋርዳለሁ፤ ዝም ካልኩ እዋሻለሁ። ሌላ ያገኘሁት መንገድ አውሮፕላኑ ብቻ ነው።»

«ለኔ ብለህ ነዋ።»

«ለአንቺ ብዬ።»

በእንዲህ ያለ ታሪክ ውስጥ ሴቲቱ እዚህ ላይ አልቅሳ አንገቱ ላይ መጠምጠም ይጠበቅባታል። እሷም ይህን ታውቃለች፤ እንባዋም ደርሶ ነበር። ከእንባው በፊት ግን ንዴቷ ደረሰ።

«ማን ጠየቀህ?» አለች። «ማን ተሸከመኝ አለህ? እናቴ ብታውቅ ጎሚስታ ንቃ ትለየናለች። አንተ ደግሞ እኔን ንቀህ ልትለየን ነው። ስህተቴን አንስቼ መቆም የማልችል፣ ከብርጭቆ የተሠራሁ መሰልኩህ? ከእናቴ ንቀት ያንተ ይብሳል። የሷን እንኳ ለምጄዋለሁ።»

ሚስማር እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው። በጭቃ የቆሸሹ ነበሩ። «አልናቅኩሽም» አለ በመጨረሻ። «ፈርቼ ነው። ያገኘሁት እኔ ነኝ። ነገ ተነገወዲያ ባየሽኝ ቁጥር ያን ቀን የምታስታውሺ፣ ፊቴን ማየት የምትጠዪ መሰለኝ። ሩቅ ሆኜ ብትጠዪኝ ይሻላል አልኩ።»

ናሙናውን መዳፏ ውስጥ አጥብቃ ያዘችው። ንቀቷን ፈልጋ ባገኘችው ኖሮ ትሰጠው ነበር፤ ዘወትር ከምታስቀምጥበት ቦታ ግን አልነበረም። በቦታው ያገኘችው ነገር ስለሚያስፈራ፣ ቶሎ ብላ ጀርባዋን ሰጥታው ወጣች።

*

ሐሙስ አዳራሹ ሞላ። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ስለ ድንጋይ የሚያውቁት የወጥ ቤታቸው ወለል ከምን እንደተሠራ ብቻ የሆነ እንግዶች ተቀመጡ። እብነ በረዱ በሐር ጨርቅ ተሸፍኖ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እናትየው ጥቁር ቀሚስ፣ ፕሮፌሰሩ ጥቁር ሱፍ፣ ምክትል ዲኑ ራሱን ለብሷል። ሚስማር የመጨረሻው ረድፍ ጥግ ላይ ሻንጣውን በእግሮቹ መካከል አድርጎ ተቀምጧል።

ምክትል ዲኑ ስለ ሳይንስ፣ ስለ አመራር፣ ስለ ሳይንስ አመራርና በመጨረሻም ስለ ራሱ ተናገረ። «አሁን» አለ ስክሪኑ ሲበራ፣ «እነዚህ የምታዩአቸው ውብ ነጥቦች የክቡር ፕሮፌሰርን ታላቅ ግኝት...»

«አይደሉም» አለች ልጅቷ።

ወደ መድረኩ ወጥታ ነበር። ማንም ልብ አላላትም ነበር፤ አበባ የምትሰጥ መስሏቸዋል።

«ግልበጣ የለም» አለች ማይክሮፎኑን ይዛ። «ድንጋዮቹ ምንም አላጠፉም። ቀስቶቹን የሳልኩት እኔ ነኝ፤ ገልብጬ ነው የሳልኩት። የኮምፓሱን ቀይ ሰሜን መስሎኝ። እዚህ ነጥቦቹ ላይ ይታያል፤ ሰሜኑ ዞሯል፣ ዝንባሌው አልዞረም። ምድር እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ስህተቱ የኔ ነው።»

የፊተኛው ረድፍ እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ጉምጉምታው ተነሳ።

«ሚጡ! ውረጂ!» አሉ እናትየው ጥርሳቸውን ነክሰው። «ሰው ፊት!»

«ክቡራን እንግዶች፣ ልጃችን በሥራ ብዛት ደክሟታል» አለ ምክትል ዲኑ፤ ላቡ ግንባሩን አልፎ ወርዷል። «ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ ይቋቋማል። ይህ ደግሞ የማን ተንኮል እንደሆነ እናውቃለን! መለኪያውን የነካው ያ ሚስማር ነው! የጎሚስታ ልጅ ስለ ምድር መግነጢስ ምን ያውቃል?»

«አንተ የምታውቀውን ሁሉ» አለች ልጅቷ። «ሌላም ይጨምርበታል። ቀበቶ የሌለው ሱሪ ይዞ ሲቆም እንኳ ካንተ ይልቅ ሰው ይመስላል።»

ከኋላ ረድፍ ተማሪዎች ሳቁ። ሚስማር ሻንጣውን ትቶ በመተላለፊያው መጣ። ረዥም ነበር፤ ሰው ሁሉ አየው። ወደ መድረኩ ወጥቶ ከጎኗ ቆመ።

«ውረድ» አለችው በሹክሹክታ። «ተሸከመኝ አላልኩም።»

«አልተሸከምኩሽም» አለ። «ቆሜአለሁ እንጂ።»

እጁ ከእጇ ጋር ተነካካ። አንዳቸውም አላሸሹም። እናትየው ይህን አይተው የአንገት ጌጣቸውን ጨበጡ።

ፕሮፌሰሩ ተነሱ። «አንተ» አሉ ሚስማርን፤ ስሙን አውቀውትም ቢሆን ተጠቅመውበት አያውቁም። «ዝንባሌው በሁሉም ናሙና ላይ ነው?»

«ላይኛው አለት ላይ በሁሉም ነው፣ ፕሮፌሰር። አልተገለበጠም።»

«አይገለበጥማ» አሉ ፕሮፌሰሩ። ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞሩ። «አብቅቷል። ብስኩት አለ፤ ብሉና ሂዱ።»

ሰው ብስኩቱን በላ። የሳይንስ ውድቀት የምግብ ፍላጎት እንደሚከፍት እዚያ የነበረ ሁሉ ይመሰክራል። ምክትል ዲኑ ለልጅቷ አዘጋጅቶት የነበረውን ጥያቄ ከደረት ኪሱ አውጥቶ አጥፎ፣ መልሶ አጥፎ፣ ወደ ሌላኛው ኪሱ አዛወረው። እናትየው ራሳቸውን አሟቸው ተብሎ መኪና ውስጥ ገቡ። ልጅቷ ግን መድረኩ ላይ ቆማ፣ ሁሉን ካጣች ሰው በማይጠበቅ ሁኔታ ትንፋሽ እስከ ሆዷ ሲወርድላት ተሰማት።

*

አዳራሹ ሲራቆት ሦስቱ ቀሩ። ፕሮፌሰሩ ወንበር ስበው ከመድረኩ ሥር ተቀመጡ። ከዚህ በፊት ያረጁ አይመስሉም ነበር።

«ሻንጣህን ፍታ» አሉ ሚስማርን። «የትም አትሄድም። ወደ ገደሉ ሄዳችሁ ላይኛውን አለት እንደ አዲስ ሰርስሩት። ከዚያ ጽሑፉን የሚሽር ጽሑፍ ጻፉ። የኔን ስም ከፊት አድርጉት፤ ስህተቱ በስሜ ነው የኖረው።»

«ሁለታችንም ነው የምንሄደው?» አለ ሚስማር።

«አንተ ብቻህን ሄደህ ምን ልታደርግ? ቀስት እንኳ መሳል መቻልህን አላየሁም።»

«አባዬ» አለች ልጅቷ። «ሌላም ነገር አለ። እኔና እሱ...»

«ዓይን አለኝ።»

«እማዬስ?»

«እሞታለሁ ትላለች። አትሞትም።» ወደ ሚስማር ተመለከቱ፤ ከራሱ እስከ ጫማው፣ ከጫማው እስከ ራሱ። «ከዚህ ሁሉ ሰው ይኼን መረጥሽ?»

«ይኼን መረጥኩ።»

«እሺ» አሉ፤ እንደማይረባ ፈተና ወረቀት ፈርመው እንደሚመልሱት ዓይነት። ሚስማር የመጣለትን ደስታ እንዴት እንደሚቀበለው አላወቀም፤ እጅ ነሳ፣ ከዚያ ደግሞ ነሳ፣ በመጨረሻ ሻንጣውን ሊያመጣ ወደ ኋላው ረድፍ ሮጠ።

ልጅቷ ከመድረኩ ወርዳ ከአባቷ ፊት ቆመች። ከሰማችው ሁሉ አንዲት ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀርታ ነበር።

«አይገለበጥማ አልክ» አለች። «አልደነገጥክም። ታውቅ ነበር።»

ፕሮፌሰሩ ጣቶቻቸውን አቆላለፉ። «ከገደሉ ስትወርጂ ኮምፓሱን መለስሽልኝ። ቀዩን በጣትሽ እያሳየሽ፣ ሰሜን እንዴት ያምራል አልሽኝ። ዓይንሽ ያበራ ነበር።»

«ያን ቀን?»

«ያን ቀን።»

እነዚያን ዓመታት በሙሉ አሰበቻቸው፤ ንግግሮቹን፣ ጭብጨባዎቹን፣ ጠረጴዛ ላይ በዝምታ የተበላውን ሾርባ። ምናልባት ይህ ለማንም የማያዝን ሰው አንዲትን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ላለመስበር ሲል በሐሰት ውስጥ ኖሯል። ምናልባት ደግሞ የመጣለትን ዝና ላለመመለስ የልጁን ስህተት ተሸሽጎበታል። ሁለቱም እኩል ይመስሉ ነበር። ፊቱን ፈተሸችው። ለዘመናት የተረጋጋ ንቀት እንጂ ሌላ የሚነበብ ነገር አልነበረበትም፤ ከዓይኖቹ ሥር ግን አንድ ነገር ረጥቧል።

«ለኔ ብለህ ነው ወይስ ለስምህ?» አለች። «አባዬ፣ ይኼን ብቻ ንገረኝ። አብራራልኝ።»

«አላብራራም» አሉ ፕሮፌሰሩ።